የኒያማልን ጠባይ ስናጠያይቅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮው ግቢ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሮ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ አመሰገነኝ። “ትዕግሥተኛ ነበር” አለ አንዱ። “ሰው አዳማጭ” አለች ሌላዋ። ሾፌሩ ሳይቀር፣ በየመንገዱ ስንጨቃጨቅ የኖርነው ሾፌር፣ “ጋሽ ሰይድ ማለት አባቴ ነው” ብሎ አቀፈኝ። የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ ተሰጠኝ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበ። እኔ ግን ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤቴ በባጃጅ ስመለስ ከፋኝ። ምስጋናውን ባስታወስኩ ቁጥር የባሰ እየከፋኝ ሄደ። ሰው ተመስግኖ ይከፋዋል? ምክንያቱን ለመናገር ከሩቅ መነሣት አለብኝ፤ ከሩቅ ተነሥቼም ቢሆን አጥርቼ የምናገረው አይመስለኝም።

ትውልዴ ወሎ ነው። በሰፈራው ዘመን አባቴ እኛን ይዞ ጋምቤላ ሲወርድ ጢሜ ገና እያቆጠቆጠ ነበር። ወንድሞቼ ዛሬም በቆሎና ማሽላቸውን ያርሳሉ፤ እኔ ግን እርሻው አልሆነልኝም። ትምህርት ይሻልሃል ተብዬ መምህር ሆንኩና መጀመሪያ የተመደብኩት ጎግ ነው። አኙዋኛ እዚያ ተማርኩ፤ ኑዌርኛ ደግሞ በኋላ ኢታንግ ላይ።

ያኔ በተማሪ ካርድ ግርጌ “ጠባይ” የምትል መስመር ነበረች። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብዬ የምሞላት እኔ ነኝ። እንዴት ነበር የምሞላው? ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ ኤ፣ የሚስቀውን ቢ፣ ወንዝ ልዋኝ ብሎ ከክፍል የሚጠፋውን ሲ። አንድም ቀን አመንትቼ አላውቅም። ርዕሰ መምህራችንም የሚቆጣጠሩት መስመሯ ባዶ አለመቅረቷን እንጂ የተጻፈውን አልነበረም። የሰው ጠባይ በዚያ ዕድሜዬ ከአናቱ ላይ የሚነበብ ነገር ይመስለኝ ነበር። እያረጀሁ ስሄድ ነው የጠፋብኝ።

ከጎግ በኋላ ወደ ከተማ ገባሁ፤ የክልሉ አንድ መሥሪያ ቤት ወስዶኝ የምክር አገልግሎት ሥልጠና ሰጠኝ። ከዚያም ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። ደመወዙ ከመንግሥት ይሻል ነበር፣ ወረቀቱም በዚያው ልክ ይበዛ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሥራዬ ኢታንግ አጠገብ ባለው፣ ኑዌሮች በሰፈሩበት የትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ነበር። ሰው የሞተባቸው፣ ሰው የጠፋባቸው፣ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች የሚመጡበት አንዲት ቱኩል፣ ክብ የሣር ጎጆ፣ ነበረችን። እዚያች ቱኩል ውስጥ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ከካምፑ ነዋሪዎች መካከል መቀጠር ነበረበት። ቦታው አንድ ብቻ ሲሆን የሚፈልጉት ግን ብዙ ነበሩ።

ከአመልካቾቹ አንዷ ኒያማል ናት። ወላጆቿን ያጣች ወጣት ናት፤ አጎቶቿ ሌላ ካምፕ ስለነበሩ በሰፈሯ ዘመድ የሚባል አልነበራትም። ይሁን እንጂ በሰፈሯ ሰው ሲያዝን ቀድማ የምትደርስ እሷ ነበረች። ማንም ሳይቀጥራት ሥራውን ትሠራ ነበር። የሚቸግራት አንድ ነገር ነው፤ ባጅ የላትም። የታመመ ሰው ደግፋ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ዘበኛው “አንቺ ማነሽ?” ብሎ በር ላይ ያስቀራታል፤ በሽተኛውም ብቻውን መግባት ፈርቶ አብሯት ይመለሳል።

“ጋሽ ሰይድ፣ ሥራው አለኝ” አለችኝ አንድ ቀን። “የቸገረኝ በሩ ነው።”

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። እንዲያው ዝም ብለን ብንቀጥራት ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን የሚቀጠረው ሰው በዝምድና ነው እንዳይባል፣ አለቃችን ዶክተር ሜሮን ከውጭ አገር የተሠራ የጠባይ መለኪያ መጠይቅ ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። ዶክተሯን ሰው እንዳይቀየምብኝ፤ ጎበዝ ናት፣ ሰው አትንቅም። ገና የመጡ ዕለት፣ “ጋሽ ሰይድ፣ ይኼ መጠይቅ ተተርጉሞ ብቻ አይሠራም፤ የአገሬው ሰው ጥያቄ እስኪመስል ድረስ መለወጥ አለበት። ባይመቸን እንኳ ጊዜ እንወስዳለን እንጂ በግዴታ አናስመልስም” አሉኝ። እኔ ሳወራ አንቺም እርስዎም እላታለሁ፤ በዕድሜ ልጄ፣ በሥራ አለቃዬ ናትና እስከ መጨረሻው አልለየልኝም።

የትርጉሙን ሥራ የሚመራው ጋሽ ቾል ነበር። እሱ ኢታንግ አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ ብዙ ዘመን ርዕሰ መምህር ሆኖ የሠራ ኑዌር ነው። እኔም ይህን ሙያ የተማርኩት ከሱ ነው ማለት እችላለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከእንግሊዝኛ ወደ ኑዌርኛ ይመልሰዋል። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ ኑዌርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል። ከዚያ ሁለቱን እንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርገን እንጣላለን። ተጣልተን ስንታረቅ ጥያቄውን ሰው ጋ ይዘን እንሄድና መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን እናስነግራለን፤ “ምን የተጠየቅህ ይመስልሃል?” እያልን።

ጋሽ ቾል ማንንም ከመጠየቁ በፊት ጥያቄውን ለራሱ ያቀርብ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እኛ ፊት። “በቀላሉ እበሳጫለሁ” የሚለው ተራ የደረሰ ዕለት ጨፈነና፣ “እኔ እንጃ፤ ሚስቴን ጠይቋት” አለ። ሁላችንም ሳቅን። የኋላ ጣጣችን ሁሉ ከዚያች ሳቅ ነው የተነሣው።

ጋሽ ቾል ሰው ቤት ሲሄድ አጭር በርጩማውን ይዞ ይሄድና ከሚጠይቀው ሰው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ወዲያው አይጠይቅም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ባሮ ወንዝ ሙላት ያወራል፤ ባለቤቱ ራሱ አንድ ነገር እስኪጠይቀው ድረስ ይጠብቃል። “እሱ መጀመሪያ ካልጠየቀኝ እኔ ፖሊስ ነኝ” ይለኝ ነበር። የተበላሸ ትርጉምም በእስክሪብቶ አያርምም። “ሂድና በር ላይ በቆሎ ለምትጠብሰው ሴትዮ አንብብላት” ብሎ ተርጓሚውን ይልከዋል። ሴትዮዋ ከሳቀች ዓረፍተ ነገሩ ይቀየራል፤ ዝም ካለችም ይቀየራል። የሚያልፈው መልስ የሰጠች እንደሆነ ብቻ ነው። እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ቶሎ ነው የምግለው፤ “ስንት ዓመት በበቆሎ ጠባሽ ፈተና እናልፋለን?” ብዬ ስጮህበት መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ ያየኛል።

መጠይቁ ግን አልገራ አለ። “ብቻዬን መሆን ያስደስተኛል” ብለን ብንጠይቅ አንድ ሰውዬ ደንግጦ “ማን ሞተ?” አለን። “የማላውቀው ሰው ሳገኝ ጨዋታ እጀምራለሁ” ብንል “ሰው አይቶ ዝም የሚል በሽተኛ ነው፤ እኔ ጤነኛ ነኝ” አለን። “ዕቃዬን በየቦታው እጥላለሁ” ላይ ደግሞ ሴትዮዋ ቱኩሏን ዞር ብላ አየችና “የቱን ዕቃ?” አለች፤ እኛም አብረናት ዞር ብለን አየን፣ ያፈርነውም እኛ ነን። መልሱን በአምስት ደረጃ ለመለካት ቆርቆሮ ጣሳዎች ደርድረን ከባዶ እስከ ሙሉ ውኃ ጨመርንባቸው፤ “ሁልጊዜ” ማለት ሙሉው ጣሳ ነው። እያስረዳን ሳለ የጎረቤት ፍየል መጥታ “ሁልጊዜ”ን ጠጣችው። በማግስቱ በጠጠር ተካነው።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። ሰዉ ስለ ራሱ አልናገርም አለ። ትጉህ ነህ? መሐል። ታጋሽ ነህ? መሐል። ቁጡ ነህ? መሐል። ጠጠሩን ሁሉ መሐል ላይ እያስቀመጠ ይነሣል። ዶክተር ሜሮን ግራ ተጋብታ ጋሽ ቾልን ጠየቀችው።

“ዶክተር፣ ወጣት ወንድ በሬውን እያሞገሰ ሲዘፍን ራሱን ያወድሳል። እሱ ዘፈን ነው” አላት። “ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እኔ ጥሩ ነኝ የሚል ግን የለም። እንዲህ ያለ ሰው ያስፈራል። ሰው እንዴት እንደሆነ የሚያውቁት ሌሎች ናቸው።”

“ታዲያ ለምን ሌሎቹን አንጠይቅም?” አለች።

እኔም “ሚስቴን ጠይቋት ብለህ አልነበር?” አልኩት። ጋሽ ቾል ጨፈነና “ልክ ነው” አለ። ሦስታችንም ደስ አለን። መጠይቁን በሙሉ “እኔ” ከሚለው ወደ “እሷ” እና “እሱ” ቀየርነው፤ አመልካቹን ሳይሆን ጎረቤቱን የሚጠይቅ አደረግነው። ዘመድ እንዳያዳላ ዘመድ አይጠየቅም ተባለ። ጎረቤትም ለወዳጁ እንዳያደላ የሥራ ቅጥር መሆኑ አይነገርም፣ “ጥናት ነው” ይባላል ተባለ። በቆሎ ጠባሿም ለሁሉም ጥያቄ ሳትስቅ መልስ ሰጠች። እንዲህ የተዋጣልን ሥራ በሕይወቴ አላስታውስም።

ስለ ኒያማል ልናጠያይቅ የሄድነው እኔና ጋሽ ቾል ነን። ማለዳ ነው። እኔ ፀጉሬ ነጭ፣ ጃኬቴ የታጠበ፣ ከዘራ ይዣለሁ፤ እሱ በርጩማውን ይዟል። ማማ ኒያኮንግ የምትባል፣ ከኒያማል ቱኩል ፊት ለፊት የምትኖር አሮጊት ቤት ተቀመጥን። ጋሽ ቾል እንደ ልማዱ ስለ ዝናብና ስለ ከብት አወራ። እሷም ከላይ እስከ ታች አየችንና “ከየት ነው የመጣችሁት?” ብላ ጠየቀች። “ከከተማ” አልናት። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ቀረብ አሉ።

“ኒያማል በቀላሉ ትቆጣለች?” አላት ጋሽ ቾል።

“እሷ? እሳት ናት!”

“ሰው ሲያወራ ታዳምጣለች?”

“ጆሮ የላትም። ብትጮህባትም አትሰማህ።”

“ሥራስ ላይ?”

“ፀሐይ አናቷ ላይ ካልወጣች አትነሣም” አለች ማማ ኒያኮንግ። ይህን ስትል ኒያማል ራሷ ጀሪካን ሙሉ ውኃ ተሸክማ መጣችና ከማማ ኒያኮንግ በር ላይ አስቀምጣ፣ ለእኛ እጅ ነሥታ ሄደች። ፀሐይዋ ገና ከዛፉ በላይ አልወጣችም ነበር። ጀሪካኑን አየሁት፤ አሮጊቷን አየኋት። እሷም ዓይኗን ሳትሰብር አየችኝ። ደንባችን ደግሞ የተባለውን ጻፍ፣ የራስህን ሐሳብ አትጨምር ነው። ጻፍኩ። ሌሎቹ ሴቶችም ተራ በተራ ያንኑ አሉ፤ አንዷ እንዲያውም ሰነፍ ብቻ ሳትሆን ስትበላም አታፍርም ብላ ጨመረችባት።

ከዚያ ሌላ ሰፈር ሄደን ጋትሉዋክ የሚባለውን አመልካች አጠያየቅን። ቅን ልጅ ነው፤ ብቸኛ ነውና እራት ሰዓት ላይ በየቤቱ ብቅ ማለት ይወዳል። ጎረቤቶቹ ግን ስሙን ገና ሳንጨርስ ማሞገስ ጀመሩ። ትዕግሥቱ! ትጋቱ! አነጋገሩ! አንድ ሽማግሌ ደግሞ ስንወጣ ተከትለውን “መቼ ነው የምትወስዱት?” አሉን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለኔም ለጋሽ ቾልም አልገባንም። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ “ኒያማልን እንደዚህ አላውቃትም ነበር” አልኩት። “ሰው አይታወቅም” አለኝ፤ እሱም የተናገረውን ያመነ አይመስልም ነበር።

ጋትሉዋክ ተቀጠረ። ዶክተር ሜሮን ያልተቀጠሩት ውጤታቸውን የማወቅ መብት አላቸው ስላለች፣ የኒያማልን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ትዕግሥት ዝቅተኛ። ማዳመጥ ዝቅተኛ። ትጋት ዝቅተኛ።

“ማነው እንዲህ ያለው?” አለችኝ።

“መናገር አይፈቀድልንም።”

“አንድ ሰው ነው?”

“አይ። ከአንድ በላይ ናቸው።”

የምትጣላኝ መስሎኝ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። አልተጣላችኝም።  “ብዙ ሰው ካለው እኔ ነኝ ማለት ነው” አለች። “አላውቅም ነበር፣ ጋሽ ሰይድ። ቁጡ ነኝ እንዴ?”

ምን ልበላት? ውስጤ “ኧረ በጭራሽ” ይላል፤ በእጄ ያለው ወረቀት “አዎ” ይላል። ወረቀቱን የሠራነው ደግሞ እኛው ነን፤ በየዓረፍተ ነገሩ ተጣልተን፣ በበቆሎ ጠባሽ አስፈትነን። “እኔ እንጃ” አልኳት። እስከ ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ መልስ ይኼ ነው።

ከዚያ በኋላ ኒያማል ተለወጠች። ሰው ሲያዝን አትሄድም። ለምን ብላት “እኔ ስመጣ ሰው ይብስበታል” አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሏን እየመረጠች፣ እንደ እንግዳ ሰው ማውራት ጀመረች። ጋትሉዋክ ባጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ቱኩሏ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም አይመጣም። ድሮ ወደ ኒያማል ይሄድ የነበረው ሰውም የሚሄድበት አጥቶ ቤቱ ዋለ። ምክሩን ይዘን የመጣነው እኛ፣ የነበረውንም አጠፋነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ወቅት የተሸነፍኩበት ጊዜ የለም።

አንድ ቀን ካምፑ መግቢያ ላይ ባለው ቢሯችን በር ማማ ኒያኮንግ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። እኛን እያጠያየቀች ያን ያህል መንገድ በእግሯ መጥታለች። ጋሽ ቾልንም ጠራሁትና አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እንደ ልማዱ ስለ ዝናብ ሊጀምር ሲል እጇን አንሥታ አስቆመችው።

“ልጁ ሌላ አገባ?” አለች።

“የቱ ልጅ?” አልኩ።

“የእናንተ ልጅ። የከተማው። ለኒያማል የመጣችሁለት።”

ጋሽ ቾል መነጽሩን አወለቀ። አልወለወለውም፤ ይዞት ቀረ።

“ካላገባ እንደገና ኑና ጠይቁኝ” አለች ማማ ኒያኮንግ።  “ልጅቷ ተቀይማኛለች። እኔ ቤት አትገባም፣ ለቅሶ ላይ አትቀመጥም፣ ውኃውንም በር ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ትሄዳለች። ትዳሯን እንዳበላሸሁባት ሰምታለች። እውነቷን ነው፣ አበላሽቻለሁ። የከተማ ሰው ከወሰዳት ማን ጋ እንሄዳለን? የጥሎሹ ከብት ለአጎቶቿ ነው የሚመጣው። ለእኛ የሚቀርልን የተዘጋ በሯ ነው። ስለዚህ መጥፎ ናት አልኩ። ሁላችንም ተነጋግረን መጥፎ ናት አልን። አሁን ግን ከነጭራሹ አጣናት።”

ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ከዘራ አንዱ በርጩማ ይዘው፣ በማለዳ ከከተማ መጥተው፣ ዝቅ ብለው ተቀምጠው፣ ስለ ከብት ካወሩ በኋላ ስለ አንዲት ያላገባች ልጅ ቁጣና ትጋት ይጠይቃሉ። በዚህ አገር ይህ የጋብቻ ሽምግልና መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። በእኔም የወሎ ዘመዶች ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ልጅ ለጋብቻ ከመጠየቋ በፊት ጎረቤት ይጠየቃል። “ጥናት ነው” ያልነውን ማንም አላመነም፤ ሽማግሌ መቼ ነው እውነተኛ ጉዳዩን መጀመሪያ ላይ ተናግሮ የሚያውቀው? የጋትሉዋክ ጎረቤቶችም እንዲሁ የሴት ወገን መስለናቸው፣ ሚስት አግኝቶ በየቤታቸው እራት መዞሩን እንዲተው ብለው ነው መልአክ ያደረጉት።

“እኔ ራሴ ለሁለት ወንድሞቼ በዚህ በርጩማ ሄጄ አጠያይቄያለሁ” አለ ጋሽ ቾል በአማርኛ ወደኔ ዞሮ። “በዚሁ በርጩማ! እንዴት አላየሁትም? ሰይድ፣ እኔ ኑዌር ነኝ?”

ዶክተር ሜሮን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። “ስለዚህ በጣም የተሰደበው በጣም የሚፈለገው ነው ማለት ነው? ውጤቱን ገልብጠን እናንብበው?” አለች። እሱም አልሆነም። ከተጠየቁት መካከል እውነተኛ ሰነፍ፣ እውነተኛ ቁጡም ይኖራል፤ ስድቡ የቱ ፍቅር፣ የቱ እውነት እንደሆነ በምን እንለየው? ብዙ ተጨቃጨቅንና መጠይቁን በሙሉ ትተነው ተነሣን። “ይቅርታ የምንጠይቃት እንዴት ብለን ነው?” አለች ዶክተሯ።

የጠየቀቻት ማማ ኒያኮንግ ናት። ከኒያማል ቱኩል በር ላይ ቆማ፣ እኛ ባለንበት፣ ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት። እሳት ናት ብያለሁ። ጆሮ የላትም ብያለሁ። ትተኛለች ብያለሁ። ኒያማልም፣ “ስለዚህ ቁጡ አይደለሁም?” አለች። አሮጊቷ “ቁጡማ ትሆኛለሽ አንዳንዴ” ስትላት ኒያማል ሳቀች፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ግን በትክክል አላውቅም። ሰው የተናገረባትን ይዛ ራሷን አጥታ ከርማ፣ እንደገና ሰው በነገራት ነው ያገኘችው። እሷ ራሷ ምን እንደምታስብ የጠየቃት የለም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ጋትሉዋክ ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ቀጣዩ ሰው ሲቀጠር መጠይቅ አልነበረም፤ እኔና ጋሽ ቾል ሰው ያዘነበት ቤት ሄደን ዝም ብለን ተቀመጥን፣ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ አየን። ኒያማል ባጁን ያሰረች ዕለት ቢሮ እንኳ አልገባችም፤ አንድ የታመመ ሰው ደግፋ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ነው የሄደችው። ጋሽ ቾል በኋላ ኢታንግ ገባ። በርጩማውን ለኔ ትቶልኛል።

እንግዲህ የጡረታዬ ዕለት ለምን እንደከፋኝ አሁን ትንሽ ይገባችሁ ይሆናል። “ትዕግሥተኛ፣ አዳማጭ” ሲሉኝ ያ የጋትሉዋክ ጎረቤት ሽማግሌ ነበር ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው፤ “መቼ ነው የምትወስዱት?” የሚለው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጄ ኢብራሂም ከጅማ መጣ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ስለምኖር ሊወስደኝ ነው። እኔም እሺ አልኩ። እዚህ ማን ይፈልገኛል ብዬ ሻንጣዬን አልጋ ላይ አድርጌ ሸሚዞቼን ከሚስማር እያወረድኩ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ኢብራሂም ስልክ ሊያወራ ወጥቶ ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ።

“አባዬ፣ ከዚች ኒያማል ከምትባለው ልጅ ጋር ተጣልታችኋል?”

“ኧረ የለም። ከተማ በመጣች ቁጥር ሳትጠይቀኝ አትሄድም። ምነው?”

“ቁጥሯን ከስልክህ ላይ አግኝቼ ደውዬላት ነበር። አባቴን ወደ ጅማ ልወስደው ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽና ሰሞኑን እንዴት ነው፣ ከሰው ጋር መኖር ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።”

“እሺ?”

“እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም” አለ። “በቀላሉ ይቆጣል አለችኝ። ሰው ሲያወራ አያዳምጥም፣ ጆሮ የለውም አለች። ፀሐይ አናቱ ላይ ካልወጣች አይነሣም፣ ሚስትህን ያስቸግራታል፣ ባትወስደው ይሻላል አለችኝ።”

ከሱብሒ ሶላት በኋላ መልሼ ተኝቼ አላውቅም። ቁጣው ግን እውነት ነው፤ ስለ ማዳመጡም እርግጠኛ አይደለሁም። የቱን ከልቧ እንዳለችው፣ የቱን እንደጨመረችበት እንዴት አድርጌ ልለየው? ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ዕንባዬም መጣና በክንዴ ጠረግሁት። ኢብራሂም የከፋኝ መስሎት ትከሻዬን ያዘኝ። እኔ ግን ከሻንጣው አንድ ሸሚዝ አወጣሁና ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ሁለተኛውንም አወጣሁ።

“አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?” አለ ልጄ። “ሰደበችህ እኮ ነው የምልህ!”